ሥራ ከተማ፣ ቤት ከከተማ ወጣ ብሎ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉም በአንድ ጉዳይ ላይ ናቸው። ጠያቂዎቹ ድሬዳዋ ወይም ሐረር እየሠሩ ቤታቸውን ወጣ ብለው፣ በደንገጎ፣ በሐረማያ፣ በአወዳይ ወይም በመልካ ጀብዱ በኩል መግዛት የሚፈልጉ ናቸው። የኪራዩ ውድነት፣ የድሬ ሙቀትና ልጆች የሚሮጡበት ግቢ መፈለግ ሰውን እንደሚያስወጡ እናውቃለን። ከወጡ በኋላ የሚያስለቅሱትን ነገሮች ግን ገንዘብ ሳይከፈል ማየት ይቻላል፤ መልሶቻችንም በዚያ ላይ ያተኩራሉ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ትሠራለች፣ እኔ ድሬዳዋ አስተምራለሁ። ከአዴሌ ወደ ሐረማያ በሚወስደው መንገድ አጠገብ አንድ ገበሬ 300 ካሬ ሊሸጥልን ተስማምቷል። የገጠር መሬት ደብተር አለው። ደላላው «በሽማግሌ ፊት ትጻጻፋላችሁ፣ ነገ ከተማው ሲደርስ ካርታ ይወጣላችኋል» ይላል። ዋጋው በጣም ጥሩ ነው። እንግዛ? (ከሳቢያን)

መልስ፦ አትግዙ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም። ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ማከራየት፣ ማውረስና ለቤተሰቡ በስጦታ መስጠት ይችላል፤ መሸጥ አይችልም። አዲሱ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 1324/2016ም ይህንን አልለወጠም። ደብተሩ እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ የሚመሰክረው ግን ገበሬው ባለይዞታ መሆኑን ብቻ ነው።

ደላሎች ይህን ስለሚያውቁ ሽያጩን በሌላ ውል ይሸፍኑታል። አንዳንዱ «ብድር» ብሎ ያጽፋል፤ ነገሩ ሲበላሽ ገዢው የሚጠይቀው የተጻፈውን ብር ብቻ ነው፣ መሬቱን የሚያነሳበት አንቀጽ የለውም። አንዳንዱ «ስጦታ» ይላል፤ ሕጉ ስጦታን ለቤተሰብ አባል የፈቀደው ስለሆነ ለባዕድ የተጻፈው አይጸናም። «የረጅም ጊዜ ኪራይ» የሚሉትም ዘመኑ በክልሉ ሕግ የተገደበ ነው፤ ለእርሻ በተከራዩት መሬት ላይ መኖሪያ ቤት መሥራትም አይፈቀድም። እንዲህ ያለ ውል ፍርድ ቤት ሲደርስ ፈራሽ ይባልና ተዋዋዮቹ ወደነበሩበት ይመለሳሉ። ከ10 ዓመት በፊት 200,000 ብር የከፈለ ሰው ያንኑ 200,000 ብር ይቀበላል ማለት ነው። በዛሬ ገበያ ያ ገንዘብ ምን እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።

«ከተማው ሲደርስ» የሚለው ተስፋ ደግሞ ከሁሉ ይጎዳል። ከተማ ሲሰፋ መሬቱ ለልማት ይወሰዳል፣ ካሣውም በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 መሠረት ለሕጋዊው ባለይዞታ ይከፈላል። መዝገብ ላይ ያለው ገበሬው ነው። እናንተ ያሠራችሁት ቤት ያለፈቃድ የተሠራ ተብሎ ሊፈርስ ይችላል፤ ባንክም በእንዲህ ያለ ቤት መያዣነት አያበድርም።

በዚያ መስመር መኖር ከፈለጋችሁ በሐረማያ ወይም በአወዳይ ከተማ ፕላን ውስጥ ያለ፣ ካርታ የወጣለት ቤት ፈልጉ። ቦታው በፕላኑ ውስጥ መሆኑን ለማወቅ በስልካችሁ ጂፒኤስ የአራቱን ማዕዘን ነጥቦች መዝግቡና ለማዘጋጃ ቤቱ በማመልከቻ አቅርቡ። በፕላኑ ውስጥ ነው ቢሏችሁ እንኳ ለምን አገልግሎት እንደተመደበ ጠይቁ፤ ለመንገድ ወይም ለአረንጓዴ ቦታ የተያዘ ሊሆን ይችላል። በእኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ጥያቄ አለ። በድሬዳዋና በሐረር መካከል የድሬዳዋ አስተዳደር፣ የኦሮሚያ ክልልና የሐረሪ ክልል ይዋሰናሉ፤ የአንድ ቦታ ማህደር ያለው በአንዱ ዘንድ ብቻ ነው። ከወሰኑ ወዲያ ማዶ ባለ ቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ፣ ማኅተሙ ምንም ቢያምር፣ አያገለግልም።

ጥያቄ፦ መልካ ጀብዱ ካርታ ያለው ቤት አገኘን። ሻጩ «ዛሬ 100,000 ብር ቀብድ ካልሰጣችሁ ሌላ ገዢ አለኝ» ይላል። ቅደም ተከተሉን ብትነግሩን። (ከከዚራ፣ ባልና ሚስት)

መልስ፦ ከቀብድ በፊት ሁለት የሥራ ቀን ጠይቁት። እውነተኛ ሻጭ ይሰጣል።

በመጀመሪያው ቀን የካርታውን ኮፒ ይዛችሁ ከሻጩ ጋር ወደ መሬት ጽሕፈት ቤቱ ሂዱና ማህደሩን አስወጡ። በእጅ ያለ ካርታ ብቻውን አያስተማምንም፤ ጠፋ ተብሎ ሌላ የወጣለት፣ የመከነ ወይም ጭራሹን በሐሰት የተሠራ ሊሆን ይችላል። ከማህደሩ ስሙን፣ ስፋቱን፣ አገልግሎቱን፣ እንዲሁም ይዞታው ነባር (ከሊዝ ሥርዓት በፊት የተያዘ) ወይስ ሊዝ (ከመንግሥት ለተወሰነ ዘመን በክፍያ የተወሰደ) መሆኑን አመሳክሩ። ቀጥሎ ቤቱ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን በጽሑፍ አስጠይቁ። የባንክ መያዣም ሆነ የፍርድ ቤት እግድ የሚታየው እዚያ ነው።

በዚያው ቀን ሜትር ይዛችሁ ግቢውን ለኩ። ካርታው 180 ካሬ ብሎ አጥሩ 240 ቢያቅፍ፣ የ60ውን ዋጋ አትክፈሉ። ያ ትርፍ የመንገድ ወይም የጎረቤት ሊሆን ስለሚችል አንድ ቀን አጥሩ ይገፋል። ሽንት ቤቱ ወይም ማዕድ ቤቱ በትርፉ ላይ ተሠርቶ ከሆነ ዋጋውን ስትደራደሩ አንሱት።

ይዞታው ሊዝ ከሆነ ውሉን አንብቡ። ለመኖሪያ የሚሰጠው ዘመን እስከ 99 ዓመት ነው፤ ስንት ዓመት እንደቀረ፣ ስንት ብር ያልተከፈለ እንዳለና ግንባታው መጠናቀቅ ያለበት ቀን አልፎ እንደሆነ እዩ። ባዶ ቦታ ወይም ግማሽ ያልደረሰ ግንባታ «በውክልና እናስተላልፍላችሁ» የሚሉ ሰዎች አሉ። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት እንዲህ ያለ ቦታ ሲተላለፍ ሻጩ የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ ከወለዱ ጋር፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና የመተላለፊያውን የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ብቻ ነው። ወደ ውክልና የሚሸሹት ይህን ለማምለጥ ስለሆነ አደጋው ወደ እናንተ ይዞራል። ነባር ይዞታም ቢሆን ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ አዲሱ ባለቤት ወደ ሊዝ ሥርዓት ይገባል፤ ዓመታዊ ክፍያውን በበጀታችሁ ውስጥ አስቡት።

የሻጩን የትዳር ሁኔታ በወረቀት ጠይቁ፤ የጋብቻ ወይም ያላገባ ማስረጃ ማለታችን ነው። ድሬዳዋ ላይ በሚሠራው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 68 የጋራ የሆነን ቤት አንዱ ተጋቢ ብቻውን ሊሸጥ አይችልም። ያልተስማማው ተጋቢ ሽያጩን ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ግን ውሉ ከተደረገ ከ2 ዓመት ሳያልፍ እንዲፈርስ ሊከስ ይችላል። ስለዚህ ባልም ሚስትም ቀርበው ይፈርሙ። ቤቱ የውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ ይቅረብና በውስጡ የተዘረዘሩት ሁሉ ይፈርሙ፤ ጅቡቲ ወይም ጅዳ ያለች እህት «እሷ አታስቸግርም» ተብላ አትዘለል።

አሁን ቀብዱ። በጽሑፍ፣ በሁለት ምስክር፣ «ቀብድ» የሚለው ቃል ገብቶበት ይጻፍ። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ቀብድ የሰጠው ካፈረሰ ያጣዋል፣ የተቀበለው ካፈረሰ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። «ቅድመ ክፍያ» ተብሎ ከተጻፈ በዚህ አንቀጽ መከራከር ያስቸግራችኋል። መጠኑ ትንሽ ይሁን፤ 100,000 ብር ለዚህ ብዙ ነው ካላችሁ አሳንሱት።

የሽያጩ ውል ድሬዳዋ በሚገኘው የሰነዶች ማረጋገጫና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ይፈረም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ ሆኖ ሥልጣን ባለው አካል ፊት እንዲመዘገብ ያዛል። ዋጋውን አሳንሶ ማስጻፍ የተለመደ ሆኗል፤ እኛ አጥብቀን እንቃወመዋለን። ውሉ ከፈረሰ ተመላሽ የሚጠየቀው የተጻፈው ነው፣ ግብሩንም ቢሆን ጽሕፈት ቤቱ በራሱ ግምት ያስከፍላል። ግብሩንና የስም ዝውውር ክፍያውን ማን እንደሚችል በውሉ ላይ በግልጽ ይጻፍ። ገንዘቡን በሲፒኦ (ባንክ ባረጋገጠው የክፍያ ማዘዣ) ክፈሉ። ከጠቅላላው 10 በመቶ ያህሉ ግን ስም ዞሮ፣ ቤቱ ተለቆ፣ የውኃና የመብራት ዕዳው ተዘግቶ እስኪያልቅ በእጃችሁ ይቆይ፤ ይህም በውሉ ውስጥ ይግባ። ስም እስኪዞር ድረስ ሽያጩ ለሦስተኛ ወገን መቃወሚያ አይሆንም፤ በመካከል የሻጩ አበዳሪ ቢመጣ ቤቱን ሊያሳግድ ይችላል። ዝውውሩን ነገ ዛሬ አትበሉት።

ጥያቄ፦ ከድሬዳዋ ዳር፣ ደረቅ የአሸዋ ወንዝ አጠገብ ቤት አለ። ጎረቤቶች «ውኃ መጥቶበት አያውቅም» ይላሉ። ዋጋው ከሌላው በሦስት እጅ ቀንሷል። (ከሐረር)

መልስ፦ ጎረቤቶቹ ስንት ዓመት ኖረውበታል? በ1998 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል፤ ከዚያ ወዲህ የመጣ ሰው ምስክርነት ለዚህ ጥያቄ አይበቃም። የድሬ ጎርፍ ድሬ ላይ ዝናብ አይፈልግም። ደጋው ላይ፣ በደንገጎ በኩል የዘነበው በቁልቁለቱ ወርዶ ከተማው ደርቆ እያለ ይደርሳል። አሸዋው ደረቅ መሆኑ ምንም አይነግርዎትም።

በእግርዎ የወንዙን ዳር ይሂዱ። ዛፍና ቁጥቋጦ ላይ የተጠላለፈ ገለባ፣ ፌስታልና ጨርቅ የት ከፍታ ላይ እንደተሰቀለ ይመልከቱ፤ የአሮጌ ግንብ የታችኛው ክፍል ላይ የደለል መስመር ይፈልጉ። ዳርቻው እየተናደ ሥር የወጣ ዛፍ ካለ ወንዙ ወደዚያ እየመጣ ነው። የመከላከያ ግንብ ካለም ግንቡ ከቤቱ በላይ በኩል የት እንደሚጀምር ይዩ፤ ከመነሻው በላይ የሚገባ ውኃ ከግንቡ ጀርባ ይሄዳል። ሻጩ ዋጋ የቀነሰበትን ምክንያት እንገምታለን፤ ባይገዙት ደስ ይለናል።

ሐረማያ ለሚያስቡም እዚህ ላይ አንድ ነገር እንጨምር። ሐይቁ በ1990ዎቹ ደርቆ ነበር፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ውኃው ተመልሷል። በደረቀበት ዘመን ወደ ውስጥ የተጠጋ ቤት ዛሬ ምን ላይ እንዳለ በክረምት ሄዳችሁ እዩ።

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ ባንክ ውስጥ እሠራለሁ። ሙቀቱን ስላልቻልኩት ደንገጎ ወይም አወዳይ ቤት ብገዛና ብመላለስስ? (እህታችሁ፣ ከቀፊራ)

መልስ፦ እህታችን፣ ከመግዛትሽ በፊት ተከራይተሽ ከሰኔ እስከ መስከረም ኑሪበት። በጥር ያማረ መንገድ በሐምሌ ሌላ ነው። ድሬዳዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የሐረማያ ሜዳ 2,000 ሜትር ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ከፍታ መንገዱ የሚወጣው በአጭር ርቀት፣ በጥምዝምዝ ዳገት ነው። በክረምት ጉሙ ሲወርድ የፊት መኪና አይታይም፤ የጫነ የጭነት መኪና ከፊት ከገባ ደግሞ ሚኒባሱ ከኋላው ይዳክራል። ጠዋት ሲወረድ ፍሬን የሚፈተንበት ቁልቁለት ነው፤ ሾፌርሽን የምትመርጪበት ዕድል ቢኖርሽ ጥሩ ነበር።

ብዙዎች የማያስቡት የመሳፈሪያው ጉዳይ ነው። ከሐረር የሚነሳ ሚኒባስ መናኸሪያው ውስጥ ሞልቶ ይወጣል። ደንገጎ ላይ ቆሞ የሚጠብቅ ሰው ባዶ ወንበር የሚያገኘው መንገድ ላይ የወረደ ካለ ነው። ማታ ደግሞ በተቃራኒው፣ ድሬዳዋ መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ቅድሚያ የሚሰጠው ሐረር ድረስ ለሚሄደው ነው፤ አንቺን ቢጭንም የሐረሩን ሙሉ ሒሳብ ሊጠይቅሽ ይችላል። ስለዚህ ርቀቱ አጭር የሆነው ደንገጎ በሰዓት ሲለካ ሁልጊዜ አይቀርብም። አወዳይ ሐረር አጠገብ ስለሆነች ከድሬ ስትመላለሺ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ለማለት ይቻላል ትሄጂዋለሽ፤ የጫት ገበያው በሚሞቅበት ሰዓት ዋናው መንገድ ራሱ ይጨናነቃል። ሥራሽ ሐረር ቢሆን ኖሮ አወዳይን እንመክርሽ ነበር።

ሒሳቡን እንዲህ አድርጊው። የደርሶ መልስ ታሪፉን፣ ከመንገዱ እስከ ቤትሽ ያለውን ባጃጅ ጨምረሽ፣ በ26 የሥራ ቀን አባዢ። ይህን ከኪራይ ልዩነቱ ላይ ቀንሺ። የሚተርፈው ትንሽ ከሆነ በቀን የምታጠፊው ሰዓት ዋጋ አጥቷል ማለት ነው። ልጆች ካሉሽ ወይም ካሰብሽ፣ ሌሊት ሆስፒታል የሚያደርስ መኪና ማን እንዳለው ሰፈሩን ጠይቂ። በዚያ ዳገት በጨለማ መውረድ የሚደፍር ሾፌር ሁሌ አይገኝም።

ጥያቄ፦ ከሐረር ወጣ ብለን በባቢሌ በኩል ገዝተናል። ውኃ በ10 ቀን አንዴ ነው የሚመጣው። ስንት ሊትር ሮቶ እንትከል? (አምስት ነን)

መልስ፦ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ያዙ። ለአምስት ሰው 250 ሊትር፣ ለ10 ቀን 2,500 ሊትር ይሆናል። የሐረር ውኃ ከድሬዳዋ በኩል፣ ከድሬ ጃራ ጉድጓዶች በፓምፕ ሽቅብ እየተገፋ ስለሚመጣ መብራት ሲቋረጥ ተራው ይዘላል፤ ለዚህ 500 ሊትር ጨምሩ። 3,000 ሊትር፣ በአንድ ትልቅ ፋንታ 2,000 እና 1,000 አድርጋችሁ። አንዱ ሲታጠብ ወይም ሲሰነጠቅ በሌላው ትቆያላችሁ። የመጣው ውኃ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለሚሄድ መሙያው ቧንቧ ቀጭን አይሁን።

2,000 ሊትር ውኃ 2 ቶን ይመዝናል። ማማው ላይ የብየዳ ሠራተኛ በግምት የሚቆርጠው ቀጭን ብረት አይችለውም፤ እግሮቹ በኮንክሪት ይተከሉ፣ በመስቀል ይታሰሩ፣ የሮቶው ቂጥ በሙሉ በጣውላ ወይም በላሜራ ላይ ይረፍ። ባዶ ክፍተት ላይ የተቀመጠ ሮቶ ከታች ይቀደዳል። ከፍታው 3 ሜትር ከሆነ ግፊቱ 0.3 ባር ብቻ ነው፤ ለእጅ መታጠቢያ ይበቃል፣ ብዙ የሻወር ማሞቂያዎችን ግን አያስነሳም።

ጣሪያችሁን አትርሱ። 80 ካሬ ቆርቆሮ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ 800 ሊትር ነው፤ 20 በመቶው ቢባክን 640 ሊትር ይቀራል። አንድ ደህና ዝናብ የሁለት ቀን ተኩል ፍጆታችሁን ይሰጣል። አሸንዳው ወደ መውረጃው ትንሽ ያዘንብል። ከደረቅ ወቅት በኋላ የሚመጣው የመጀመሪያ ውኃ አቧራና የወፍ ኩስ ስለሚያወርድ ከ40 እስከ 80 ሊትሩን ወደ ውጭ አፍስሱ። ይህን ለእጥበትና ለአትክልት አድርጉት፤ ለመጠጥ ከሆነ ይፈላ።

ክዳኑንና የትርፍ መውጫውን በጥቅጥቅ ወንፊት ዝጉ። የዴንጊ ትንኝም ሆነ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ የወባ ወረርሽኝ ያስከተለችው አዲሷ የወባ ትንኝ የሚራቡት በእንዲህ ያለ የተጠራቀመ ንጹህ ውኃ ውስጥ ነው። ክዳን የሌለው በርሜል ካለ ሳምንት ሳይሞላው ተደፍቶ ግድግዳው ይፋቅ፤ የዴንጊ ትንኝ እንቁላል ከግድግዳው ጋር ይጣበቃል። በግቢው የውኃ ጉድጓድ ካለ ከሽንት ቤት ጉድጓድ፣ ከጎረቤት የሆነውንም ጨምሮ፣ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ።

ጥያቄ፦ ቤቱ በደንብ ተቀብቷል፤ ስንጥቅና ምስጥ እንዴት እናውቃለን? (ከለገሃሬ)

መልስ፦ አንድ ግድግዳ ብቻ አዲስ ቀለም ካለው ከእሱ ጀምሩ። በብሎኬቱ መጋጠሚያ ደረጃ እየሠራ የሚወጣ ስንጥቅ መሠረቱ እንደተንቀሳቀሰ ይነግራል። በሐረማያ ሜዳ ዋልካ መሬት አለ፤ በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፣ በላዩ ያለው ጥልቀት የሌለው መሠረት አብሮ ይነሳል ይወርዳል። በሮቹን ሁሉ ክፈቱና ዝጉ፤ ከላይ በአንድ ጥግ የሚይዝ በር ጉበኑ እንደተጣመመ ያሳያል። የልስን ፀጉር ስንጥቅ ብቻ ከሆነ አያሳስብም፣ 5 ሚሊ ሜትር የሚያስገባ ከሆነ ግን መሐንዲስ ይየው።

ለምስጥ ከመሠረቱ ወደ ላይ የሚወጣ የእርሳስ ውፍረት ያለው የአፈር መስመር ፈልጉ። የጭቃ ቤት ከሆነ የማገሩንና የቋሚውን እግር በቢላ ወጋ ወጋ አድርጉ፤ ቢላው ያለ ትግል ከገባ ውስጡ ተበልቷል። ኮርኒስ ሥር የተደበቀውን የጣሪያ እንጨትም ሳታዩ አትውጡ፤ አንድ ኮርኒስ እንዲነሳ ጠይቁ።

መብራቱን ከምሽቱ 1 እስከ 2 ሰዓት ባለው ጊዜ በቴስተር ለኩት። 220 መሆን ያለበት ከ190 በታች ከወረደ ቤቱ ከትራንስፎርመሩ ርቋል ወይም መስመሩ ተጨናንቋል፤ ፍሪጅ ይቃጠላል። ቆጣሪው የቤቱ የራሱ መሆኑን ሽቦውን እስከ ምሰሶው ተከትላችሁ አረጋግጡ፤ ከጎረቤት የተሳበ መስመር ባለቤቱ በተቀየመ ቀን ይቆረጣል።

ጥያቄ፦ ሻጩ ውጭ አገር ነው፤ ወንድሙ በውክልና ይሸጥልናል። (ከሐረር)

መልስ፦ ይቻላል። ውክልናው ግን «ንብረቴን ሁሉ ያስተዳድርልኝ» የሚል ጠቅላላ ከሆነ አይበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2205 የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ ልዩ ውክልና ያስፈልጋል፤ «እንዲሸጥ፣ ገንዘብ እንዲቀበል፣ ስም እንዲያዛውር» የሚሉት ተጽፈው ይታዩ። እዚያው አገር ባለው ኤምባሲ ወይም ቆንስላ ተረጋግጦ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ፣ እዚህ የተመዘገበ ይሁን። ባለቤቱ አግብቶ ከሆነ የሚስቱም ውክልና ለብቻው ይቅረብ። ውል በምትፈርሙበት ዕለት ውክልናው እንዳልተሻረ መዝገቡን አስጠይቁ፤ ባለቤቱንም በቪዲዮ አነጋግሩት፣ ወካዩ ከሞተ ውክልናው አብሮ ያበቃል። ገንዘቡ በወኪሉ ስም ሳይሆን በባለቤቱ ስም ባለ የባንክ ሒሳብ ይግባ። ወንድምየው ለዚህ ፈቃደኛ ካልሆነ ቀብዱን አትስጡ።